ምክሩን ተዉትና አንድ ሥራ ያዙ፦ ኦቲዝም ላለበት ልጅና ለቤተሰቡ ጎረቤት ምን ያግዝ?

እኔ ሐኪም አይደለሁም። መምህርም አይደለሁም። ጎንደር ውስጥ፣ ከፒያሳ ብዙ ሳይርቅ፣ ሁለት ወንበር ያላት የወንዶች ፀጉር ቤት አለችኝ። ኦቲዝም የሚባለውን ነገር ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። አንድ የአራት ዓመት ልጅ በማሽኔ አስጨንቄ ነው።

ስሙን አልጽፍም። እዚህ ላይ «ጓዴ» እለዋለሁ። አሁን አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እውነትም ጓዴ ሆኗል። ያን ቀን እናቱ ይዛው መጣች። ማሽኑን ሳስነሳው ጆሮውን ደፍኖ ጮኸ። ለእኔ የሚጮህ ልጅ ብርቅ አይደለም። «ያዙልኝ» አልኩ። ተራ ከሚጠብቁት ሁለቱ እጅና እግሩን ያዙ፣ እናቱ ራሱን ያዘች፣ እኔ ላጨሁት። ስጨርስ ልጁ አስመለሰው። እናቱ ሒሳቧን ከፍላ አንድ ቃል ሳትናገር ወጣች። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ በበሬ በኩል ማለፍ ሲኖርባቸው ወዲያ ማዶ ተሻግረው ያልፉ ነበር።

ያቺ ማዶ የመሻገር ነገር እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ነው። አብዛኛውን ከእናትየዋ፣ የቀረውን ከራሱ ከጓዴ።

ነገሩ ባጭሩ

ኦቲዝም አእምሮ ከመነሻው ለየት ባለ መንገድ ሲያድግ የሚመጣ ነው። ልጁ ከሰው ጋር የሚግባባበት፣ ለውጥን የሚቀበልበት፣ ድምፅና ብርሃን፣ ሽታና ንክኪ የሚሰማው መንገድ ከብዙዎቻችን ይለያል። አንዱ ጭራሽ አይናገርም። ሌላው ስለ መኪና ጎማ ብቻ ሲያወራ ይውላል። አንዱ ዕድሜውን ሙሉ ደጋፊ ይፈልጋል፤ ሌላው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይመረቃል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሚያድነው ኪኒንም የለም። «አድነዋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ቦርሳችሁን ዝጉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም አለበት። የእኛ እድር ሁለት መቶ ቤተሰብ አለው። በየቤቱ አራት አራት ሰው ብንል ስምንት መቶ ነው። በዚህ ሒሳብ ስድስት ሰው ገደማ መኖር አለበት። እኔ የማውቀው ሁለት ነው። የቀሩት የት ናቸው? አንዳንዱ በር ተዘግቶበት ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ «ግትር» ወይም «ዝምተኛ» ተብሎ አጠገባችን ተቀምጧል።

ምክንያቱን በተመለከተ ወንበሬ ላይ ያልሰማሁት የለም። «እርጉዝ ሆና ደንግጣ ነው»፣ «ቡዳ ነው»፣ «የአያቱ እርግማን ነው»፣ «ሞባይል ነው»። ፈረንጅም ቢሆን ከዚህ አልተሻለም። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚያ አገር ትልልቅ ሐኪሞች «እናትየዋ ፍቅር ነፍጋው ነው» ይሉ ነበር። በኋላ ስህተት መሆኑ ታወቀ፤ ትልቁ ድርሻ በዘር የሚወረስ ነገር ነው። የክትባቱም ወሬ እንዲሁ ነው። ወሬውን ያስነሳው በ1998 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የወጣ አንድ ጽሑፍ ነበር፤ ያሳተመው መጽሔት ራሱ በ2010 ሰርዞታል። ስለዚህ «ምን አድርገሽ ነው?» የሚል ጥያቄ ከአፋችሁ አይውጣ። ያን ጥያቄ እናትየዋ ሌሊት ሌሊት ራሷን ስትጠይቅ ነው የከረመችው።

ምክር በሽ ነው

በአንድ እሑድ ብርቱካን ገዝቼ ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። ሽማግሌ አልላክሁም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እናትየዋ አስገባችኝ፣ ቡና አፈላችልኝ። እኔም አላረፍኩም፤ ገና አቦሉን ሳልጨርስ «እንዲህ ብታደርጊው» ማለት ጀመርኩ። ዝም ብላ ሰማችኝና እንዲህ አለች፦ «ጋሼ፣ ምክር በሽ ነው። በቀን አሥር ሰው ይመክረኛል። እስካሁን ግን ሽንኩርቱን እኔ ልላጥልሽ ያለኝ ሰው አልመጣም።»

ከሌላው ሁሉ ይህቺን ያዙልኝ፦ አንድ ሥራ ውሰዱ። ትንሽ ትሁን፣ ግን ቀንና ሰዓት ይኑራት። «የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ንገሪኝ» ማለት ሥራ መውሰድ አይደለም። ለእሷ ሥራ መጨመር ነው። አስባ፣ አፍራ፣ ደውላ መለመን አለባት። «ረቡዕ ረቡዕ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እኔ ከልጁ ጋር እሆናለሁ፤ አንቺ ተኚ» ካላችሁ ግን ያ ሥራ ነው።

በእኛ ሰፈር እንዲህ ተከፋፈልን። አንዲት ጎረቤት ውኃ በሚለቀቅበት ቀን ጀሪካኖቿን ትሞላላታለች። አንድ ባለባጃጅ ሐሙስ ሐሙስ ያመላልሳቸዋል። አንድ ተከራይ ተማሪ የጓዴን እህት የቤት ሥራ ያሠራታል። እኔ ፀጉሩን ያዝኩ። ማናችንም ከዚህ በላይ አልሠራንም።

ሥራችሁን ስትጀምሩ ሦስት ነገር ጠይቁ። ምን ይወዳል? ምን ያስፈራዋል? ሲከፋው የሚያረጋጋው ምንድን ነው? መልሱን አትገምቱ። እኔ ገምቼ ነው ያን ሁሉ ጥፋት ያጠፋሁት።

«ወራጅ አለ!»

ጓዴ የሚናገራቸው ቃላት ሠላሳ ቢሞሉ ነው። አብዛኞቹን ደግሞ ከታክሲ ረዳቶች ነው የወሰደው። «አዘዞ አዘዞ! ሁለት ሰው!» ካለ «እንሂድ» ማለቱ ነው። የግድ ወደ አዘዞ አይደለም፤ ሽንት ቤትም ሊሆን ይችላል። «ሒሳብ!» ካለ «ስጡኝ» ነው። «ወራጅ አለ!» ካለ በቃኝ፣ አቁሙ ማለት ነው።

መጀመሪያ እኛ እንደ ቀልድ ነበር የምንሰማው። ልጆች ደጋግሞ እንዲላት እየጎተጎቱ ይስቁ ነበር። ብዙ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች የሰሙትን ቃል እንዳለ ይደግማሉ። ሲደግሙት ግን ብዙ ጊዜ የሚሉት ነገር አላቸው። ትርጉሙን የምታውቀው እናትየዋ ናት፤ ከእሷ ቃላቱን ተማሩ። እኛ ትርጉማቸውን ወረቀት ላይ ጽፈን ሱቁ ውስጥም፣ ባጃጁ ውስጥም ለጠፍን።

ስታናግሩት አጭር ዓረፍተ ነገር ይሁን። አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፣ ከዚያ ጠብቁ። በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ሰው ችኩል ነው፤ ልጁ መልሱን ሳያዘጋጅ ጥያቄውን በሌላ ቃል ይደግምበታል፣ ልጁም እንደገና ከሀ ይጀምራል። ዓይናችሁን እንዲያይ አታስገድዱት፤ ሳያይም ይሰማል። እናም እባካችሁ በፊቱ ስለ እሱ እንደሌለ ሰው አታውሩ። የማይናገር ልጅ ሁሉ አይሰማም ያለው ማን ነው?

ፀጉሩ እንዴት ተቆረጠ

ይህ የእኔ ሥራ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። የጥርስ ሐኪምም፣ ልብስ ሰፊም፣ ባለሱቅም ከዚህ የሚወስደው አያጣም።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሌላ ደንበኛ ሳይገባ ቀጠርኳቸው። ሬዲዮ ዘጋሁ። በመጀመሪያው ሳምንት በሩ ላይ ቆሞ አየኝና ሄደ፤ በቃ። በሁለተኛው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ወንበሩን አሽከረከርኩለት፣ ሄደ። በሦስተኛው ማሽኑን ሶኬቱን ነቅዬ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። አገላበጠው፣ አሸተተው። በአራተኛው ሶኬቱን ሰካሁና ማብሪያ ማጥፊያውን ለእሱ ተውኩለት። አበራ፣ አጠፋ፣ አበራ፣ አጠፋ። ሃያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። እኔ የገባኝ ያን ቀን ነው። ያስጨነቀው ድምፁ ብቻ አልነበረም። መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚቆም አለማወቁም ነበር።

ከዚያ በመቀስ ጀመርን። «አራት ጊዜ እቆርጣለሁ» እላለሁ፤ ጮክ ብዬ ቆጥሬ አራት ላይ እጄን አወርዳለሁ። አምስተኛ አልጨምርም፤ አንዲት ፀጉር ቆማ ብታይም አልጨምርም። አንገቱ ላይ የምናስረውን ልብስ አይችለውም፤ ስለዚህ የራሱን አሮጌ ሸሚዝ ከፊት ለኋላ አዙሮ ይለብሳል። አልኮል አልረጭም። በካርቶን ቁራጭ ላይ አራት ሥዕል ሣልኩና መስታወቱ ላይ ለጠፍኩት፦ ወንበር፣ መቀስ፣ ብሩሽ፣ ከረሜላ። ሥዕሌ አስቀያሚ ነው፤ መቀሱ ዶሮ ይመስላል። እሱ ግን ገብቶታል። አንዱ ሲያልቅ በጣቱ ቀጣዩን ይነካል።

አንድ ቀን ግማሽ ራሱን ከቆረጥኩት በኋላ «ወራጅ አለ!» አለ። ምን ላድርግ? አቆምኩ። እንዲያው በግማሽ ራስ ወጣ። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ሳቀብን። በማግስቱ ጠዋት ራሱ እናቱን እየጎተተ መጥቶ ተቀመጠ። ያን ቀን ባላቆም ኖሮ ዛሬም ማዶውን ይሻገሩ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሙሉ ፀጉሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመቁረጥ ሁለት ወር ፈጀብኝ። አሁን ሩብ ሰዓት ይበቃናል።

ሰላምታና ጉርሻ

እኛ ጎንደሬዎች ልጅ ካየን እንስማለን፣ ራሱን እንዳብሳለን፣ እናጎርሳለን። ለብዙ ልጅ ደስታ ነው። ለአንዳንዱ ግን ንክኪው እንደ እሾህ ነው። መጀመሪያ እጃችሁን ዘርጉና ቆዩ። ልጁ ከነካችሁ ነካችሁ። ካልነካችሁ «እንደምን ዋልክ» በቂ ነው። ጓዴ ለእኔ ክርኑን ይሰጠኛል፤ የእኛ ሰላምታ በክርን ነው።

ጉርሻን በግድ አታድርጉ። «እምቢ አለኝ» ብላችሁም አትቀየሙ። እነዚህ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚበሉት ምግብ ጥቂት ነው። ጓዴ የሚበላው ድንች፣ መኮሮኒና ነጭ ዳቦ ነው። ወጡ እንጀራውን ከነካው ሳህኑን ይገፋዋል። ምላሱ የምግቡን ሻካራነትና ሽታ ከእኔና ከእናንተ በላይ ይሰማዋል፤ ቅብጠት አይደለም። ለበዓል ከጠራችኋቸው አንድ ሳህን ድንች ለብቻ ቀቅላችሁ አስቀምጡ። ዶሮው ተሠርቶ ድንች መብላቱ ያናድዳል፤ አውቃለሁ። እናቱ ግን ያቺን የድንች ሳህን ስታይ ምን እንደሆነች አይቻለሁ።

መንገድ ላይ ሲሞላበት

ልጁ መሬት ላይ ወድቆ ሲጮህ፣ ራሱን ሲመታ ስታዩ እናቱ «ሞላበት» ትላለች። እንደ ጀሪካን ነው። ከጠዋት ጀምሮ ጥሩንባ፣ ጄኔሬተር፣ ግፊያ፣ ፀሐይ ሲጠራቀም ውሎ አንዲት ጠብታ ያፈሰዋል። ከረሜላ ተከልክሎ የሚያለቅስ ልጅ በዓይኑ ሥር ያያችኋል፤ የሞላበት ልጅ ግን ማንንም አያይም። ግርፊያም፣ ማባበያም፣ «አንተ ልጅ ተው!»ም አይገባውም።

ያኔ የሚደረገው ይህ ነው። አትክበቡት። አንድ ሰው ብቻ ከእናቱ አጠገብ ይሁን፤ የቀረው ሰው እንዲበተን ያድርግ። ሙዚቃ የከፈተ ሱቅ ካለ ለትንሽ ጊዜ እንዲዘጋ ለምኑ። ራሱን አስፋልት ላይ የሚመታ ከሆነ ነጠላ ወይም ጃኬት ከሥሩ አድርጉለት። እናቱን «ምን ሆነ?» አትበሏት። «ምን ልያዝልሽ?» በሏት። ዘንቢሉን፣ ቦርሳውን፣ ትንሿን ልጅ። ሲበርድለት ውኃ ስጡትና ዝም በሉ። ሞባይል አውጥቶ የሚቀርፅ ካያችሁ ከፊቱ ቁሙበት። እኔ ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ፤ አንዴ ተሰድቤያለሁ።

እድርና ቡና

ከልጁ ይልቅ እናትየዋን ብቸኛ የሚያደርጋት ይህ ነው። መጀመሪያ ቡና ላይ መቅረት ትጀምራለች፤ ልጁ ሲኒ ሰበረ፣ ሰው አጉረመረመ። ከዚያ መጥራት እንተዋለን፣ «አትመጣም» ብለን። ከዚያ እድር ትቀርና ትቀጣለች።

ስለዚህ ስትጠሯት «ልጅሽን ይዘሽ ነይ» የሚለውን በአፋችሁ ሙሉ በሉት። እጣኑን ቀነስ አድርጉ፤ ጭሱ ያፍነዋል። ሲኒውን ራቅ አድርጉት። በር አጠገብ አስቀምጧት፣ መውጣት ብትፈልግ ሰው እያስነሣች እንዳታልፍ። ሃያ ደቂቃ ቆይታ ብትሄድ «ምነው ቶና ሳትጠጪ?» አትበሏት። ሃያ ደቂቃዋ ብዙ ናት።

እድራችን ላይ ይህን ጉዳይ ያነሣሁት እኔ ነበርኩ። ሙግት ነበረው። «ሕግ ሕግ ነው፣ ለአንዷ ካፈረስን ለሁሉም ነው» ያሉ አባት ነበሩ። እውነታቸውን ነው። መጨረሻ ላይ ሕጉን አላፈረስነውም፤ ተራዋን ቀየርነው። ድንኳን ውስጥ ከምትቀመጥ በቤቷ ሆና ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ሰው መጥቶ ይወስዳል። ቅጣቱ ቀረ። በእናንተም እድር ይቻላል፤ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ መናገር ብቻ ነው የሚፈልገው።

ጥምቀት

የጎንደር ልጅ ጥምቀትን ሳያይ አያድግም። ግን ጥር 10 እና 11 ለእነዚህ ልጆች ከባዱ ጊዜ ነው። ሕዝቡ፣ ከበሮው፣ እልልታው፣ ድምፅ ማጉያው።

እኛ ከወራት በፊት ጀመርን። የፋሲል መዋኛ ከጥምቀት ውጭ ገንዳው ደረቅ ነው፣ ግቢውም ጭር ያለ ነው። ኅዳር ላይ ወሰድነው። የዛፎቹ ሥር ግንቡን እንዴት አቅፎ እንደያዘው ታውቃላችሁ። ጓዴ አንዱን ሥር በጣቱ እየተከተለ አንድ ሰዓት ቆየ። ሦስት ጊዜ ተመላለስን። በከተራ ቀን ታቦታቱ ከሚያልፉበት መንገድ ዳር፣ አንድ ዘመድ ቤት በረንዳ ላይ ሆኖ አየ፤ ወደ መዋኛው አልገባንም። በረንዳው ላይ በር አለ፤ ሲበዛበት ወደ ውስጥ ይገባል። ግንበኞች የሚያደርጉት ዓይነት የጆሮ መሸፈኛ ገዝተንለታል። በበዓል ቀን መንገድ ዳር ቤት ያላችሁ ሰዎች፣ አንድ በረንዳና አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ ብትፈቅዱ ትልቅ ሥራ ነው።

ከጠፋ

ይህን በጥሞና አንብቡት። ብዙ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ሳይታሰብ ከቤት ይወጣሉ። ብዙዎቹ ውኃ ይወዳሉ፤ አደጋውን ግን አያውቁም። ስለዚህ ልጁ ጠፋ ሲባል መጀመሪያ ወደ ውኃ ሩጡ። ለእኛ ቀሃና አንገረብ ናቸው፤ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ወንዝ ሲሞላ። ገበያውንና መናኸሪያውን ሌላ ሰው ያስስ። ስሙን እየጠራችሁ አትጩሁ፤ ሊደበቅ ይችላል። የሚወደውን ቃል ተጠቀሙ። ጓዴን የምንጠራው «አዘዞ አዘዞ!» እያልን ነው።

ከመጥፋቱ በፊት ደግሞ የእናቱ ስልክ ሱሪው ውስጥ በኩል ይሰፋ። ፎቶው በጎረቤቶች ስልክ ውስጥ ይኑር። የባጃጅ ተራ አስከባሪዎችና ጥበቃዎች ይወቁት። ጓዴ አንዴ ጠፍቶ ያገኘው ባለባጃጅ ነው። ፎቶውን ባያየው ኖሮ «የሰከረ ጎረምሳ» ብሎ ያልፈው ነበር።

ጠበልና ሐኪም

ጎንደር ላይ ቆሞ «ጠበል አትሂዱ» የሚል ሰሚ አያገኝም። እኔም አልልም፤ ራሴም ጠበልተኛ ነኝ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ሩቅያ፣ ማለትም ለፈውስ የሚቀራ ቁርአን፣ ያስቀራሉ። የምለው ሦስት ነገር ነው። ልጁን አታስሩት። ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት ራሱ ላይ አታፍስሱ፤ አስቀድማችሁ ካህኑን አነጋግሩና በጥቂቱ፣ በመጠጣትም ይጀመር። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፦ መድኃኒት አታቋርጡ። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ጥቂት የማይባሉት የሚጥል በሽታም አለባቸው። መድኃኒቱ በድንገት ሲቆም የሚመጣው መንቀጥቀጥ ሊገድል ይችላል። እኔ የማውቃቸው አንድ አባት «መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ነው፣ ጠበሉን ጠጡ፣ ኪኒኑንም ዋጡ» ይላሉ። እግዜር ይስጣቸው።

ትንሽ ልጅ ያላችሁ ደግሞ እዩ። ዓመት ሲሞላው ስሙ ሲጠራ ዞር ካላለ፣ በዓመት ተኩል ላይ በጣቱ ካላመለከተ ወይም አንድም ቃል ካልወጣው፣ ወይም ይናገር የነበረውን ከተወ ጊዜ አትፍጁ። «ወንድ ልጅ ይዘገያል» የሚለውን አትስሙ። ለጓዴ እናት ይህን ያላት ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ነበር፤ ሁለት ዓመት አስበላት። መጀመሪያ ጆሮው ይሰማ እንደሆነ ይመርመር። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሕፃናትም፣ የአእምሮ ሕክምናም ክፍል አለው። የጎረቤት ሥራ ደግሞ እዚህ አለ። እንዲህ ያለ ልጅ ይዞ ወረፋ ላይ ሦስት ሰዓት መቆም አይታሰብም። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሂዱና ተራ ያዙላት። እሷ ተራዋ ሲደርስ ትምጣ።

ስለ ትምህርት ቤት ብዙ አልልም። አንዱ ትምህርት ቤት ጓዴን በሦስተኛው ቀን «ክፍል ይረብሻል» ብሎ መለሰው። ሁለተኛው ተቀበለው። ልዩነቱ ሕንፃው አልነበረም፤ በር አጠገብ ወንበር የሰጠችው፣ ሲሞላበት ውጭ እንዲራመድ የፈቀደችለት አንዲት መምህርት ናት። ልጃችሁ ከእንዲህ ያለ ልጅ ጋር የሚማር ከሆነ «ልጄን ከእሱ አርቁልኝ» ብላችሁ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አትሂዱ። ይህም ሥራ ነው።

አባቶች፣ እህቶች፣ ትልልቆቹ

ሴቶች ቡና ላይ ያወራሉ። አባቶች ግን ወንበሬ ላይ፣ መስታወት እያዩ ነው የሚያወሩት። የጓዴ አባት ለአራት ዓመት ስለ ልጁ አንድም ቀን አንሥቶ አያውቅም። አንድ ቀን አንገቱን ስላጨው «እኔ ስሞት ማን ያየዋል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ምላጩን አስቀምጬ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። እንዲህ ያለ አባት ካወቃችሁ ወደ ውጭ ጥሩት፣ ኳስ አብራችሁ እዩ። ፊት ለፊት አትጠይቁት፤ ጎን ለጎን ስትሆኑ ራሱ ያወራል።

እህቱን አትርሷት። አሥር ዓመቷ ነው፤ እንደ ሠላሳ ዓመት ሴት ታስባለች። ቤት ስትገቡ ስለ ወንድሟ ሳይሆን ስለ እሷ ጠይቋት።

ልጆቹ ደግሞ ያድጋሉ። ኦቲዝም በአሥራ ስምንት ዓመት አይቀርም። ጎልማሳ ሆነው ሰፈር የሚዞሩትን «እብድ» እያሉ የሚያባርሯቸው አሉ። ሥራ ስጧቸው፣ ክፈሏቸውም። ጓዴ ቅዳሜ ጠዋት ፎጣ ያጥፍልኛል። ጫፍና ጫፉ በክር የተለካ ይመስላል። የሚከፈለውን ሲቀበል «ሒሳብ!» ይላል፣ ቆጥሮ ኪሱ ይከታል። አንድ ብር ጎድሎ ቢሆን አይንቀሳቀስም።

አገራችን ውስጥ ይህን ነገር አደባባይ ካወጡት አንዷ ዘሚ የኑስ ናት፤ አሁን በሕይወት የለችም። የኦቲስቲክ ልጅ እናት ነበረች። አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በ2002 እ.ኤ.አ. ከመክፈቷ በፊት ሥራዋ የውበትና የፀጉር ሙያ ማስተማር ነበር። የሙያ ባልደረባዬ ናት ብል ድፍረት አይሁንብኝ። በየዓመቱ መጋቢት 24 የዓለም የኦቲዝም ቀን ሲከበር ሰማያዊ ቲሸርት እንለብሳለን። ጥሩ ነው። መጋቢት 25 ጀሪካኑን የሚሞላው ማን እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ለፀጉር ስትመጡ ደግሞ፣ ማክሰኞ ጠዋት ከሆነ ከሦስት ሰዓት በኋላ ኑ። ከዚያ በፊት ወንበሩ ተይዟል።